ሁለት ድስት፣ አንድ ድንኳን፦ የሌላ እምነት ጎረቤትን እንዴት እንጋብዝ?

ባለፈው ቅዳሜ ከብሎካችን አንዲት ልጅ በሬን አንኳኳች። ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነው። «እትዬ፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ሙስሊሞች ናቸው። ልጠራቸው እፈልጋለሁ። ግን ምን ላብስል? ምን ልበላቸው? ባጠፋስ?» አለችኝ። ቡና አፈላሁና የማውቀውን ነገርኳት። ማታ ላይ ሳስበው፣ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ የሚጠይቀው አጥቶ ነው የሚቀረው። እና ጻፍኩት።

እኔ ደሴ ነው ተወልጄ ያደግሁት። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ። ከአጥራችን ማዶ ያለው ቤት የሙስሊም ቤት ነበር። አጥሩ ላይ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ነበረ፤ ማንም ደፍኖት አያውቅም። አሁን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። በእድራችን ወጥ ቤቱን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ከድስት አጠገብ ሆኜ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተው። «ምን ችግር አለው፣ ሁሉም አንድ ነው» አትበሉ። አንድ አይደለም። እኔ የኔ እምነት እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ጎረቤቴም የሷ እውነት ነው ብላ ታምናለች። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፤ አውቀንም ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ተጠራርተናል። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሰው ደግ መስሎት ነው። ግን የሷንም የኔንም አቅልሎ ነው የሚያየው። እንዲህ የሚል ሰው ወጥ ቤት ሲገባም ጭልፋ ያደባልቃል። ከጋባዥ የሚጠበቀው የራሱን ማላላት አይደለም፤ የእንግዳውን ወሰን አውቆ እሱ በሌለበትም መጠበቅ ነው።

አጠያየቁ

«ሥጋ ትበላላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንግዳውን እምቢ ባይ ያደርገዋል። እንዲህ በሉ፦ «ድግስ አለኝ። ለእናንተ የሚሆነውን ማን ይረድልን? የት ይብሰል?» ይህ ሲባል ሰውየው ወዲያው ዘና ይላል። የሱን ነገር እንደምታውቁና እንዳሰባችሁበት ገብቶታል።

ስም ሰምታችሁም አትገምቱ። ወሎ ውስጥ በስም ሃይማኖት መለየት ከባድ ነው። በአንድ ቤት አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን የሆነበት ብዙ ነው። ፕሮቴስታንት ጎረቤት ካለም እሱንም ለብቻው ጠይቁት። ጠላና ጠጅ የማይነካው ብዙ ነው። የሥጋው ነገር ግን ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱን ጠይቃችሁ ለሁሉም አትወስኑ።

ቀኑን ስትቆርጡ

ሁለት ቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ተቀመጡ። ረቡዕና ዓርብ ለኦርቶዶክስ ጾም ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ሙስሊሙ ጁምዓ ነው፤ ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ብትጠሩት ሶላቱን ወይ እናንተን እንዲመርጥ አደረጋችሁት ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለኔ የሚቀናኝ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል። በ2018 ዓ.ም ሁለቱም በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድግሱን ማሳለፍ ነው። ግን ኢፍጣር መጥራት ይቻላል። ቴምር፣ ውሃ፣ በዘይት የተሠራ የምስር ሾርባና በምስር የተሞላ ሳምቡሳ ብታቀርቡ፣ ጿሚው ክርስቲያንም ጿሚው ሙስሊምም ከአንድ ትሪ ያነሳል።

ቀን መቁጠር ምን ያህል ልብ እንደሚነካ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ2017ቱ አረፋ ግንቦት 29 ዋለ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ከሦስት ቀን በፊት ደወለችልኝ። «ዓርብ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ሃምሳው አላለቀም አይደል?» አለችኝ። አላለቀም ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህን ስንት ክርስቲያን ይረሳዋል! እሷ ግን ለኔ ብላ ቆጥራልኛለች። ዶሮዋን በሕይወት ላከችልኝ፤ በቤቴ ታረደች።

ቢላዋው

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። የነገሩ ሁሉ ማዕከል ይህ ነው።

ክርስቲያን ሲያርድ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላል። ሙስሊም ሲያርድ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ይላል። እኛ ቤት በጉን ወደ ምሥራቅ አዙረን ነበር የምናርደው። ማዶ ያሉት ወደ ቂብላ ነበር የሚያዞሩት። መካ ከደሴ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ድግስ፣ በአንድ ግቢ፣ አንዱ በግ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ በግ ወደ ሰሜን ዞሮ ይታረዳል። በሀገራችን የቆየው ልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አለመብላት ነው። ይህን ኋላቀርነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰው ሲያርድ የፈጣሪውን ስም ይጠራል፤ ጎረቤቱ ያን ስም አጠራር እንደ ቀልድ አልቆጠረውም ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጉን ወይም ዶሮውን በሕይወት ግዙና ለእነሱ አስረክቡ። እነሱ ይረዱ፣ እነሱ ይገንጥሉ፣ ቢቻል በእነሱ ቤት ወይም በእነሱ ሰው እጅ ይብሰል። ቢላዋውም፣ መክተፊያውም፣ ድስቱም፣ ጭልፋውም የእነሱ ይሁን። «የኛን አጥበን እንስጣቸው» አይባልም። ኮንዶሚኒየም ላይ የጋራ ማረጃ ካለ ሰዓቱን ለዩት፤ የመጀመሪያው ጨርሶ ታጥቦ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይግባ።

ማረድ የማይመች ከሆነ ሥጋ ቤት አለ። በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ታያላችሁ። ግን እዚያም ገንዘቡን ለጎረቤታችሁ ስጡና «እናንተ ግዙልኝ» በሉ። የሚያምኑበትን ሥጋ ቤት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሙስሊም ሆናችሁ ክርስቲያን የምትጋብዙም ያው ነው። በተራችሁ በጉን በሕይወት አስረክባችሁ ዘወር በሉ።

አሁን በልጅነቴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥር 1979 ዓ.ም፣ ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ ነው። ዳሱ ተጥሏል። የኛ ወጥ በጓሮ ሦስት ጉልቻ ላይ፣ የሙስሊሞቹ ወጥ አጥሩ ጥግ ለብቻው ይሠራል። ልትረዳን የመጣች ዘመዳችን የክርስቲያኑን ወጥ አማሰለች። ከዚያ ሰው ጠራት መሰለኝ፣ ጭልፋውን እንደያዘች ሄዳ የማዶውን ድስት ከፈተች፤ አማሰለች። ክፋት አልነበራትም። እንቅልፍ አጥታ ያደረች ሴት ነበረች።

እናቴ አየች። እኔም አጠገቧ ሽንኩርት ስልጥ አየሁ። ሌላ ያየ አልነበረም። እናቴ ዘመዳችንን አልጮኸችባትም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በአጥሩ ክፍተት አልፋ ጎረቤታችንን ጠርታ መጣች። ድስቱ ላይ አቁማ ነገረቻት። እማማ (ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው) ዝም ብለው ድስቱን አዩት። ከዚያ «ባትነግሪኝ እኮ አናውቅም ነበር» አሏት። እናቴ «ለዚህ እኮ ነው የነገርኩሽ» አለች።

ወጡ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የማይበላው ሆነ። የአንድ ሙሉ በግ ሥጋ ነው። ለውሻ ተደፋ። እናቴ ስትደፋው ፊቷን አይቻለሁ፤ ሀብታሞች አልነበርንም። እማማ ከቤታቸው አራት ዶሮ አስያዙ፤ ባላቸው አረዱ። ምሳው በሁለት ሰዓት ዘገየ። እንግዶቹ ቡና እየጠጡ ጠበቁ። ለምን እንደዘገየ ሁሉም ሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ሰፈር እናቴ «ይህ የእናንተ ነው» ብላ ያቀረበችውን ማንም ደግሞ አይጠይቅም ነበር።

እኔ ዛሬ ድግስ ሳስተባብር በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር አላልፍም። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ጭልፋ እጀታ ላይ ክር አስራለሁ፤ የድስቱ ክዳን ላይ ያው ቀለም ክር አለ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ወገን ድስት ላይ አንድ ሰው አቆማለሁ። ያ ሰው ሌላ ሥራ የለውም። ብትሳሳቱ ደግሞ ንገሩ። ያኔውኑ፣ ሰው ሳይቀምስ። የሚከፈለው ይከፈል።

መጠጥና ማዕድ

ጠላና ጠጅ የማይጠጣ እንግዳ ካለ ብርዝ በጥብጡ። ግን በዕለቱ ይሁን። ብርዝ ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ እንግዳችሁ ሳያውቅ ጠጅ አቀረባችሁለት ማለት ነው። የሱፍ ውሃም ጥሩ ነው። ብርጭቆውን ለዩ፤ ጠላ የተጠጣበትን አለቅልቃችሁ አታቅርቡ።

አቀማመጥ ላይ ሰው ይሳሳታል። ድስት ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። ሙስሊሞቹን ድንኳኑ ጥግ ሰብስቦ ማስቀመጥ ነውር ነው። ቡፌ ከሆነ የእነሱ ምግብ ራሱን የቻለ ጠረጴዛ ይኑረው፤ የሚያነሳውም ከእነሱ አንድ ሰው ይሁን። ሰሃኑን ከያዘ በኋላ ግን የፈለገበት ይቀመጥ።

ደግሞ አንድ የጋራ ማዕድ ይኑራችሁ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሁሉም በዘይት። ይህ ትሪ ወሰን የለውም። በዚህ ትሪ ላይ መጎራረስ ይቻላል። ሁሌም አያለሁ፤ ሰው ሥጋውን በልቶ ሲያበቃ ወደ ጾሙ ትሪ ይሰበሰባል፤ ጨዋታው የሚደምቀው እዚያ ነው።

ለሶላት አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ውሃ የተሞላ ማንቆርቆሪያና ቂብላው በየት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አዘጋጁ። ክፍሉ ውስጥ ሥዕለ አድኅኖ ካለ መጋረጃ መጋረድ ወይም ሌላ ክፍል መስጠት ይበቃል። እኔ ሥዕሌን ከግድግዳ አላወርድም፤ ጎረቤቴም አውርጂ ብላኝ አታውቅም። ሌላ ክፍል እሰጣታለሁ።

ምርቃት ላይ ካህኑ ይጸልዩ፤ ከዚያ ሙስሊሙ አባት ዱዓ ያድርጉ። ማንንም «አብራችሁ ጸልዩ» ብላችሁ አታስገድዱ። ዝም ብሎ መቆምም አክብሮት ነው።

ተጋባዥ ስትሆኑ

እምቢ ማለት ስላለባችሁ ነገር አትዋሹ። «ሆዴን አሞኛል» አይባልም። ያቺ ሴት ማታ ስለ ሆዳችሁ ልትጨነቅ ነው። «እምነቴ አይፈቅድልኝም፤ ቡናሽን ግን እስከ በረካ እጠጣለሁ» በሉ። በሰላሳ ዓመት ውስጥ በዚህ የተቀየመኝ ሰው የለም። የዋሸኋት አንዲት ጓደኛዬ ግን አውቃብኝ ብዙ ጊዜ አኩርፋኝ ነበር። ልክ ነበረች።

ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ብዙውን ሰው ያስደስታል። እምነቴ ይከለክለኛል ብሎ «እንኳን አደረሳችሁ» የማይል ሰው ቢያጋጥማችሁ ደግሞ አትዘኑበት። እሱም የራሱን ወሰን ነው የጠበቀው። በሌላ ቀን ሰላም ይላችኋል።

ለሐዘን ደግሞ ጥሪ ሳይጠብቁ መሄድ ነው። ሙስሊም ቀብሩን ስለሚያፋጥን ነገ እሄዳለሁ አትበሉ፤ ዜናውን እንደሰማችሁ ተነሱ። ቃሉ ከጠፋችሁ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» በሉ፤ በሁሉም ቤት ይገባል። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ቀብር መጥቶ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ቢቆም ለምን አልገባም አይባልም። መቆሙ ይበቃል። የእድር ጸሐፊ ከሆናችሁ ደግሞ የእድሩን ዕቃ ሁለት ስብስብ አድርጉት። ድንኳኑና አግዳሚው የጋራ ይሁን፤ ድስቱና ጭልፋው ግን በየወገኑ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። እኛ ይህን ለማስወሰን ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብናል፤ ግን ሆነ።

ወሬ ሲከፋ

«ድሮ በፍቅር ነበር የኖርነው» እያልን ብቻ ልጆቻችንን አናሳድግ። እውነቱን ንገሯቸው። ከደሴ በስተሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ታዘዘ። የወሎው መስፍን መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እምቢ ያሉት ሼህ ጦልሃ ተዋጉ፣ ብዙ ሰውም ተሰደደ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይህን ታሪክ ስናገር ያመኛል። ግን እኔ ካልተናገርኩት ጎረቤቴ ብቻዋን ልትሸከመው ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው በብዙ ሺህ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። እስከዚያ ድረስ የሙስሊም በዓላት በሀገር ደረጃ አይከበሩም ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር የሚባሉት። እነሱ ግን «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል አሉ። ስለዚህ «መቻቻል» የሚለውን ቃል የማይወድ ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ ስሙት። ቻሉኝ ሳይሆን እኩል እዩኝ ነው የሚለው።

ቅርቡንም አንርሳ። ሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር ላይ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደር ለሆነው የወራቤ ክርስቲያን ምን አደረገ? ቁጣ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ደግሞ ዛሬ ስልካችን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አንድ ሥራ አላችሁ። የደረሳችሁን ቪዲዮ ለማንም አትላኩ። በምትኩ የዚያ እምነት ጎረቤታችሁ በር ሂዱና «ደህና ናችሁ? የምትፈልጉት ነገር አለ?» በሉ። ያኔ የጎንደሩን የሰማሁ ዕለት እኔ ወደ ታች፣ ወደ ሙስሊም ጎረቤቴ ወረድኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ወራቤ ሲሰማ እሷ ወደ ላይ ወጣች። ብዙ አላወራንም። በሩ ላይ ቆመን ትንሽ አለቀስን።

ከድግሱ በኋላ

የተረፈውን አታደባልቁ። የሙስሊሞቹን ወጥ ለእነሱው በየቤታቸው አከፋፍሉ፤ የጾሙን ለሁሉም። ድስቱን ራሳቸው ያጥቡት ወይም በአዲስ ስፖንጅ እጠቡት።

ከእነሱ ቤት የተዋሳችሁት ድስት ካለ ባዶውን አትመልሱ። ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ግን ወጥ አትጨምሩበት፤ የታጠበው ድስት እንደገና ሊያሳስባቸው ነው። ቆሎ ቁሉና ሙሉት። ገብስ፣ ትንሽ ሽምብራ፣ ትንሽ ሱፍ። ለጾመኛም ላልጾመም፣ ለሙስሊምም ለክርስቲያንም ይሆናል። ለዚያች የብሎካችን ልጅም የነገርኳት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ገብሱን ማታውኑ እንድትነክር፣ ጠዋት እንድታጠነፍፈው፣ እሳቱን ደግሞ መጠነኛ እንድታደርገው።